ሕፃኑ ስንተኛ ነው?

አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸውን ለክትትል ሐኪም ዘንድ ሲወስዱ ከክብደቱና ከቁመቱ ሌላ አንድ ቁጥር ይነገራቸዋል፦ «በቁመት 15ኛ ፐርሰንታይል ላይ ነው።» ከ100 በሚታረም ፈተና ላደገ ሰው 15 ማለት መውደቅ ነው። ወዲያው አገር ቤት ይደወላል፤ አያት ትጨነቃለች፤ «የጣሳ ወተት ጀምሩለት» የሚል ምክር ይመጣል።

ቁጥሩ የሚናገረው ግን ስለ ተራ ነው። ጤነኛ የሆኑ 100 እኩያ ወንድ ሕፃናትን ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ብናሰልፍ፣ 15ኛ ፐርሰንታይል ላይ ያለውን ልጅ 85 ያህሉ ይበልጡታል፤ 15 ያህሉን እሱ ይበልጣቸዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ መሠረት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 75.7 ሴንቲሜትር ሲሆን፣ 15ኛው 73.3 ገደማ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው። የሴቶች ሰንጠረዥ ለብቻው የተዘጋጀ ነው፤ የዓመት ልጅ መካከለኛ ቁመት እዚያ ላይ 74 ሴንቲሜትር ነው። ሰልፉ የጤነኞች ስለሆነ አንዱ የግድ 15ኛ ይሆናል፤ ሌላው 90ኛ።

ታዲያ ሰልፉ ውስጥ የገቡት እነማን ናቸው? ቀድሞ ዓለም ሁሉ ይጠቀምበት የነበረው ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። የጨቅላዎቹ መረጃ የተወሰደው ኦሃዮ ላይ ከተካሄደ አንድ ጥናት ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሕፃናት በጡጦ ያደጉ ነበሩ። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን በዚያ መስፈርት ሲታይ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት በኋላ ወደ ኋላ የቀረ ይመስል ነበር። ችግሩ ከሰንጠረዡ ሆኖ ሳለ ጥርጣሬው የእናት ጡት ላይ መውደቁ ያሳዝናል።

ይህን ለማረም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 8,500 ያህል ልጆችን አስለካ። የተመረጡት ጡት የሚጠቡ፣ እናታቸው የማታጨስና ኑሯቸው እድገትን የማያደናቅፍ ልጆች ነበሩ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ውጤቱ ነው፤ በቁመት ላይ ከታየው ልዩነት በአገር የሚለየው 3 በመቶ ብቻ ሲሆን 70 በመቶው በአንድ አገር ልጆች መካከል ያለ ነው። የአክራ ሕፃንና የኦስሎ ሕፃን በደህና ከተያዙ እድገታቸው አንድ ዓይነት ነው ማለት ነው። ዛሬ በጤና ተቋማት የምናየው ሰንጠረዥ በዚህ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ።

ለአንድ ልጅ ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው ጉዞው ነው። ሕፃን ሲወለድ ያለው ቁመት በአብዛኛው የማሕፀን ቆይታውን የሚያንጸባርቅ በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ወደ ወላጆቹ ቁመት እየተጠጋ ከአንዱ ፐርሰንታይል መስመር ወደ ሌላው ሊሸጋገር ይችላል። ከዚያ በኋላ የራሱን መስመር ይይዛል። 15ኛው ላይ ሆኖ መስመሩን ሳይለቅ የሚያድግ ልጅ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ይልቅ 75ኛው ላይ የነበረው በጥቂት ወራት ወደ 25ኛ ወይም ከዚያ በታች ቢወርድ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነ ደግሞ ቀድሞ የመጣባቸው ሳምንታት ከዕድሜው ተቀንሰው ይነበብለታል፤ ይህ እስከ ሁለት ዓመቱ ይቀጥላል።

መለኪያው ራሱ ካልታመነ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተኝቶ በሰሌዳ ላይ ነው የሚለካው፤ አንድ ሰው ጭንቅላቱን ይይዛል፣ ሌላው ጉልበቱን ዘርግቶ እግሩን ከተንሸራታቹ ጋር ያገናኛል። እያለቀሰ የሚንፈራገጥን ሕፃን ብቻውን በልብስ ሰፊ ሜትር የለካ ሰው 1 ሴንቲሜትር መሳቱ አይቀርም፤ 1 ሴንቲሜትር ደግሞ የዓመት ወንድ ልጅን ከ50ኛ ወደ 34ኛ ገደማ ያወርደዋል። ሁለት ዓመት ሲሞላው ቆሞ መለካት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ 0.7 ሴንቲሜትር ያህል ያጠረ ቢመስል ልጁ ቀንሶ አይደለም።

እስካሁን የተናገርሁት ወላጅን ለማረጋጋት ነው። ያው ሰንጠረዥ ስለ አገራችን ሲነበብ ግን ማረጋጋት ይቅርና እንቅልፍ ይነሳል። ልጅ ቀነጨረ የሚባለው በሰልፉ የአጭሮች ጫፍ ከ100 ሁለት ወይም ሦስት ልጆች ብቻ ሊገኙበት ከሚገባው ወሰን በታች ሲሆን ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 58 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 38 በመቶ ከዚያ በታች ተገኝተዋል። «ዘራችን አጭር ነው» ለማለት እነዚያ የስድስቱ አገር ልጆች አይፈቅዱልንም። መንስኤው የእርጉዝ እናት ምግብ ማነስ፣ ከስድስት ወር በኋላ እንቁላል፣ ወተትና ጥራጥሬ ያልነካው ቀጭን አጥሚት፣ የሚመላለስ ተቅማጥና ንጹሕ ውሃ ማጣት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2015 በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን በ2030 ለማስቀረት ቃል የገባውም ይህን አውቆ ነው።

በጤና ኬላዎቻችን የእድገት ክትትል የሚደረገው በዋናነት በክብደት ነው። ክብደት የሰሞኑን ሕመምና ርሀብ ፈጥኖ ስለሚያሳይ ሊቀር አይገባም። የቀነጨረ ልጅ ግን ፊቱ ሞላ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ እኩዮቹም እንደሱ ካጠሩ እናቱ በምን ታውቃለች? ስለዚህ ከሚዛኑ ጎን የቁመት ሰሌዳ ይቀመጥ፤ የሚለኩ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ይመደቡ፤ ካርዱ ላይ ያለው መስመር ወዴት እንደሚሄድም ለእናቲቱ እዚያው ፊት ለፊቷ ይነበብላት።