ስለ ሳይንስና አካባቢ ሙያዎች፦ ተረትና እውነታ ከዘነበወርቅ

የተፈጥሮ ሳይንስ መስክ የመረጠ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ምን መሆን እንደሚፈልግ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አያልፍም፤ ወይ ሐኪም፣ ወይ መሐንዲስ። ለሁለቱ ውጤት ያልበቃው ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ ይመደባል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድል ማስተማር ብቻ ነው ተብሎም ይታመናል። ማስተማር የሚናቅ ሙያ አይደለም፤ «ብቻ» መባሉ ነው ስህተቱ። ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ያለው የዘነበወርቅ ሰፈር ይበቃል።

የሰፈሩ ስም የመጣው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። እዚሁ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል፣ በ1970 ደግሞ ከጎኑ አህሪ የሚባለው የአርማወር ሀንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቋሙ። አላፊ አግዳሚው የሚያውቀው ሆስፒታሉን ነው። ኢንስቲትዩቱ ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ሲሆን፣ ባክቴሪያው ከታወቀ 150 ዓመት ቢያልፈውም በላቦራቶሪ ምግብ ላይ ማሳደግ እስከ ዛሬ አልተቻለም። የሚራባው በሕያው አካል ውስጥ ብቻ ነው፤ አንዱ ሁለት ለመሆንም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። እዚሁ የሚጠናው የቲቢ ባክቴሪያ ግን በላቦራቶሪ ያድጋል፤ እሱም ቢሆን ለሳምንታት ያስጠብቃል። እንዲህ ያለውን ጀርም የሚያጠና ላቦራቶሪ በሐኪም ብቻ አይሠራም። የበሽተኛውን አክታ ተቀብሎ የሚያዘጋጅ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስት፣ ዲኤንኤ አውጥቶ በፒሲአር የሚመረምር ሞለኪውላር ባዮሎጂስት፣ ጀርም እንዳያመልጥ የክፍሉን የአየር ግፊት የሚቆጣጠር ባዮሜዲካል መሐንዲስ፣ የሙከራ አይጦችን የሚንከባከብ የእንስሳት ሐኪም፣ ውጤቱን የሚተነትን የስታትስቲክስ ባለሙያ ያስፈልጉታል። ከነዚህ አብዛኞቹ በሽተኛ ነክተው አያውቁም።

«የአካባቢ ሳይንስ ችግኝ መትከልና ቆሻሻ ማንሳት ነው» የሚለው ተረት ደግሞ ቆሼ ላይ ይፈርሳል። ከዘነበወርቅ ብዙ ሳይርቅ፣ ረጲ ላይ፣ ቆሼ በሚባለው ቦታ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲከመር ኖሮ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አለፈ። የክምር ጎን ምን ያህል ቀጥ ቢል ይናዳል፣ ውስጡ የታመቀው ውሃና ጋዝስ ምን ያህል ያዳክመዋል የሚለው የአፈር መካኒክስ ጥያቄ ነው። አየር ያጣ ቆሻሻ ሲበሰብስ የሚወጣው ሚቴን የኬሚስትሪ፣ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርገው ጥቁር ፍሳሽ የሃይድሮሎጂ ጉዳይ ነው። ከአደጋው በኋላ ቆሼ ላይ የተሞከረው የጃፓኑ የፉኩኦካ ዘዴ ሦስቱንም አንድ ላይ ያያል፤ በቆሻሻው ውስጥ የተበሱ ቱቦዎች ይዘረጋሉ፣ ፍሳሹ በነሱ ይወጣል፣ አየር በነሱ ይገባል፣ ሚቴኑም ይቀንሳል። አጠገቡ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተሠራው ጣቢያም የጭስ ማጣሪያና የአየር ጥራት ባለሙያ ይፈልጋል።

አንድ ሌላ የሥራ በር ከሕግ ይመጣል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከባድ ተፅዕኖ ሊያስከትል የሚችል ፕሮጀክት ሳይገመገም እንዳይጀመር ይከለክላል። ግምገማውን የሚሠራም ሆነ የቀረበውን ጥናት የሚመረምር ሰው ውሃ፣ አፈርና ዕፅዋት ማወቅ አለበት።

«ትልቅ ግኝት የውጭ ሰው ሥራ ነው» የሚባለውን የእንዶድ ታሪክ ይመልሰዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዚያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ደግሞ እነዚሁ ናቸው። እንዶድ ለዘመናት የልብስ ሳሙና ነበር፤ አዲሱ ነገር የሞቱትን አይቶ ለምን ብሎ መጠየቅና በሙከራ ማረጋገጡ ነው። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ሳይንስ የወንድ ነው የሚለው ብዙ ቃል አይገባውም። የፍኖተ ሰላሟ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ በዕፅዋት በሽታዎች ምርምር ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2013 ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔን፣ መምራት ጀመሩ።

ከተረቱ ውስጥ እውነት ያለበትም አለ። በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ተመራማሪ መሆን ይከብዳል፤ ሁለተኛ ዲግሪ የሚጠየቅበት ቦታ ብዙ ነው፣ ክፍያውም መጀመሪያ ላይ አያጓጓም። ይሁንና የላቦራቶሪ ቴክኒሻንነትን በመሰለ ሙያ የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ይዞ መግባት ይቻላል፤ በሥራ ላይ እያሉ ዲግሪ መቀጠልም የተለመደ ነው።