በማከፋፈያ ሳጥን ውስጥ አርሲዲን ከጭነት ስለ መጠበቅ

በሰባተኛ ካሉት የንግድ ቤቶች ባንዱ፣ ከጓዳው በር አጠገብ የተሰቀለውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥን ከፍተን እንድናይ ባለቤቱ ፈቅደውልን ነበር። ያገኘነው ነገር በሌላም ቤት ሊኖር የሚችል ስለሆነ ለጓደኞቻችን ማስረዳቱ የሚጠቅም መስሎ ታይቶናል።

ከቆጣሪው የሚመጣው መስመር በመጀመሪያ በባለ 63 አምፔር ዋና ብሬከር ያልፋል። ቀጥሎ 40 አምፔር የተጻፈበት አርሲዲ አለ፤ ከሱ በታች ባለ 20 አምፔር የሆኑ አራት ብሬከሮች ተደርድረዋል። ባለቤቱ በአርሲዲው ላይ ያላቸው እምነት ትልቅ ነው፤ «እሱ ሁሉን ይቆርጣል» ብለውናል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

አርሲዲ የሚሠራው በማመዛዘን ነው። በፌዙ የሚሄደውና በኒውትራሉ የሚመለሰው ኮረንቲ በአንድ የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ፤ እኩል ሲሆኑ የሚፈጥሩት መግነጢስ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሰው የተላጠ ሽቦ ነክቶ ጥቂቱ ኮረንቲ በአካሉ በኩል ወደ መሬት ቢያመልጥ ግን ሚዛኑ ይዛባል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ መሣሪያው ወዲያው ይቆርጣል። አንባቢ ልብ እንዲል የምንሻው ይህን ነው፤ ጭነት ሲበዛ የሚሄደውም የሚመለሰውም እኩል ይበዛል። ሚዛኑ አልተዛባምና አርሲዲው እየጋለ ዝም ይላል። የተጻፈበት 40 አምፔር የሚችለውን መጠን ይናገራል እንጂ የሚቆርጥበትን አይደለም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። በቤቱ ሁለት የእንጀራ ምጣዶች፣ አንድ የውሃ ማፍያና አንድ ካውያ አሉ። 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ማፍያውና ካውያው ባለ 2000 ዋት ስለሆኑ እያንዳንዳቸው 9 ያህል ይወስዳሉ። ድምሩ 50 ነው። አራቱ ብሬከሮች ከ20 በታች ስለያዙ አይቆርጡም፤ ዋናውም 63 ስለሆነ አይቆርጥም። ጠባቂ ያጣው መካከለኛው ብቻ ነው። ሙቀት በኮረንቲው ስኩዌር ስለሚያድግ መገናኛዎቹ ከተወሰነላቸው 1.56 እጥፍ ይሞቃሉ። ይህ በየጠዋቱ ሲደጋገም ብሎኑ ይላላል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ከባሰም መገናኛዎቹ ተጣብቀው ይቀራሉ፤ ያን ጊዜ ኮረንቲ ሰው ቢይዝ የሚያላቅቀው የለም። መፈተኛውን ቁልፍ መጫንም ስለ ጭነት ምንም አይነግረንም።

ሾርት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደንብ 61008 መሠረት ይህ መሣሪያ በራሱ ሊቆርጠው የሚጠየቀው ዝቅተኛ መጠን 500 አምፔር ወይም የተጻፈበት 10 እጥፍ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው ይወሰዳል። ለትራንስፎርመር ቅርብ በሆነ ቦታ ግን በሺህ የሚቆጠር አምፔር ሊመጣ ይችላል።

ዋናውን ብሬከር በ40 መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን በ50 አምፔር ጭነት ቶሎ ቶሎ ሊቆርጥ ነው፤ ባለሱቅን ያሰለቸ ብሬከር ደግሞ በማግሥቱ በትልቅ ይተካል። ስለዚህ አርሲዲውን ራሱን በ63 መለወጥ ይሻላል። ብሬከር ከተጻፈበት እስከ 1.45 እጥፍ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ሊታገሥ ስለሚችል፣ ገንዘብ ላለው አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መምረጥ ብልኅነት ነው። ሁለቱንም ሥራ በአንድ አካል የያዘም አለ፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ሒሳቡን በካርቶን ጀርባ ጽፈን ስናሳያቸው ባለቤቱ፣ «ታዲያ ምጣዶቹን በየተራ ባስለኩሳቸውስ?» ሲሉ ጠየቁን። 34 አምፔር ይሆናልና ይሠራል፤ ሁለተኛይቱ ጋጋሪ እስካልቸኮለች ድረስ።