የወርዋሪው ጉብታ፦ ተረትና እውነታ

በቤዝቦል ወርዋሪው ከሚረግጠው የጎማ ሰሌዳ እስከ ሆም ፕሌት ያለው ርቀት 60 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም 18.44 ሜትር ነው። ያቺ ትርፍ 6 ኢንች ከየት መጣች? ብዙዎች የሚያወሩት ሜዳውን የለካው ሰው ዜሮውን ስድስት ብሎ አነበበና ስህተቱ ሕግ ሆኖ ቀረ ብለው ነው።

ስህተት አልነበረም። ከ1887 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወርዋሪው የሚቆመው ርዝመቱ 5 ጫማ ተኩል በሆነ፣ መሬት ላይ በተሰመረ ሳጥን ውስጥ ነበር። የሳጥኑ የፊት መስመር ከሆም ፕሌት 50 ጫማ ይርቅ ነበር። ሕጉ ግን የወርዋሪው የኋላ እግር በኋለኛው መስመር ላይ እንዲሆን ያስገድድ ነበር፤ ይህም 55 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። በ1893 ሳጥኑ ቀረና የጎማ ሰሌዳ ተተከለ፤ ወርዋሪውም 5 ጫማ ወደ ኋላ ተወሰደ። ስሌቱ ይኸው ነው። 50ን ከ60 ተኩል ጋር አነጻጽረው «ከ10 ጫማ በላይ ተገፋ» የሚሉትም የሳጥኑን ርዝመት ረስተውታል። አምስቱ ጫማ ብቻቸውን በቂ ነበሩ፦ የናሽናል ሊግ የመምታት አማካይ በአንድ ዓመት ከ.245 ወደ .280 ዘለለ።

ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ከፍታም እንደ ዛሬው 10 ኢንች የሆነው ከጥንት ጀምሮ አይደለም። እስከ 1968 ድረስ 15 ኢንች ነበር። በዚያ ዓመት በወርዋሪው ቦብ ጊብሰን ላይ በአማካይ በዘጠኝ ኢኒንግ 1.12 ነጥብ ብቻ ሲቆጠርበት፣ በአሜሪካን ሊግ ከ.300 በላይ የመታው ካርል ያስትሬምስኪ ብቻ ነበር፤ እሱም .301። በ1969 ጉብታው ዝቅ አለ፣ ነጥብም ጨመረ። ሆኖም ምስጋናውን ሁሉ ለጉብታው መስጠት ትክክል አይመስለኝም፤ በዚያው ዓመት የስትራይክ ክልሉ ጠብቧል፣ አራት አዳዲስ ቡድኖችም ገብተዋል።

ሶፍትቦል ጭራሽ ጉብታ የለውም። ወርዋሪዋ በደልዳላ መሬት፣ ከመሐል እስከ ዳር 8 ጫማ በሆነ ክብ ውስጥ ትቆማለች። የሴቶች ርቀት 43 ጫማ፣ የወንዶች 46 ነው። «ቅርብ ነው፣ ኳሱም ትልቅ ነው፣ ስለዚህ ይቀላል» የሚለው አባባል ግን እነዚያን ወርዋሪዎች መበደል ነው። ከ43 ጫማ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የተወረወረ ኳስ ለመቺዋ የሚተውላት ጊዜ፣ በቤዝቦል ሜዳ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚበር ኳስ የሚተወውን ያህል ነው። በ2004 የሶፍትቦል ወርዋሪዋ ጄኒ ፊንች የቤዝቦል መቺዎቹን አልበርት ፑሆልስንና ማይክ ፒያዛን በአንድ የትርኢት ጨዋታ በስትራይክ ያስወጣቻቸው እንዲሁ በዕድል አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ልጆቻችሁ በሊትል ሊግ የሚጫወቱ ወላጆች፦ የትንንሾቹ የቤዝቦል ርቀት 46 ጫማ፣ ጉብታቸውም 6 ኢንች ነው። ከፍታው የሚለካው ከሆም ፕሌት ወለል እንጂ ከዙሪያው ሣር አይደለም። ርቀቱን ስትለኩ ሜትራችሁን ከሆም ፕሌቱ የኋላ ሹል ጫፍ ጀምራችሁ እስከ ጎማው የፊት ጠርዝ ዘርጉት። ከሆም ፕሌቱ የፊት ጠርዝ ከጀመራችሁ ልጁ በ17 ኢንች፣ ማለትም በ43 ሳንቲ ሜትር፣ ያለአግባብ ርቆ ይወረውራል።