የትምህርት ቤት ክረምትና ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ ነጋዴ

ሰኔ ሲያልቅ የትምህርት ቤት በር ይዘጋል፤ የሱቅ በር ግን አይዘጋም። በመካነ ኢየሱስ ከተማ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ጨውና ሳሙና፣ ዘይትና ክብሪት እየሸጠች ብቻዋን ልጅ የምታሳድግ እናት፣ ከሐምሌ መባቻ አንሥቶ መስከረም እስኪጠባ ድረስ የ11 ዓመት ልጅዋን የት እንደምታውል መጨነቅዋ የታወቀ ነው። ሚስቱ የሞተችበት አባትም ቢሆን ከዚሁ ችግር አያመልጥም። ነገሩ የጓዳ ጉዳይ ቢመስልም፣ በንግድ ሥራ ላይ የሚያደርሰው መሰናክል ቀላል ስላልሆነ፣ ነጋዴው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ሆኖ ይገኛል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ረጅሙ የትምህርት ዕረፍት የሚውለው ፀሐይ በደመቀበት ወራት ነው። የእኛ ግን በዝናም ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉት ወረዳዎች ሐምሌና ነሐሴ የብርድና የጭቃ ወራት ስለሆኑ፣ ልጅ ቀኑን ሙሉ በሜዳ ሲጫወት እንዲውል ማድረግ አይቻልም፤ ወንዙም ይሞላል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ታዝሎ ገበያ ይውላል፤ ለአካለ መጠን የተቃረበውም ራሱን ይጠብቃል። ከ10 እስከ 12 ዓመት ያለው ልጅ ግን ለመታዘል የከበደ፣ ለብቻው ለመተው ደግሞ ያልደረሰ ነው።

ሕጉም ቢሆን ይህን ዕድሜ ዘሎታል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ዐዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ማቆያው ግን ለጨቅላዎች እንጂ ለተማሪ የታሰበ አልነበረም። በንግድ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እናት ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የምታገኘው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርላታል። የክረምቱ ዕረፍት ግን ከ50 የሥራ ቀን በላይ ነው። ሒሳቡ እንደማይገጥም ማንም ሒሳብ ያዥ ያየዋል።

ስለዚህ አብዛኛዎቹ እናቶች ልጁን ወደ ገጠር፣ ወደ አያቱ ይሰዳሉ። ይህ ጥንታዊና የተመሰገነ ልማድ ነው፤ ልጁ ከብት ይጠብቃል፣ ጤፍ ያርማል፣ ትኩስ ድንች ይበላል። ነገር ግን አያት የሌለው ወይም መንገዱ ያላስተማመነው ብዙ ነው። በከተማው የሚቀረው ልጅ ከየኔታ ዘንድ ፊደልና ዳዊት ቢማር መልካም ነው፤ ደቡብ ጎንደር የቤተልሔም የድጓና የዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ትምህርት አገር ስለሆነ መምህር አይታጣም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በክረምት በጎ ፈቃድ የሚሰጡት ማጠናከሪያ ትምህርትም አለ፤ ይሁን እንጂ ግማሽ ቀን እንኳ ስለማይሞላ ሱቅ ለያዘች እናት አይበቃትም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በግጭቱ ምክንያት በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለነበር፣ ለሁለት ወር የታሰበው ጭንቀት ለአንዳንዶቹ እናቶች ዓመት የፈጀ ሆኖባቸዋል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን ሌላ ነው። በክረምት ከደቡብ ጎንደር ደጋ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረም ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። ጠባቂ ያጣ የ12 ዓመት ልጅ ታላላቆቹን ተከትሎ መኪና ላይ ቢወጣ የሚያስቆመው የለም። በዚያም ወባ አለ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውና ሳይታከም ከቀረ የሚገድለው ካላ አዛርም አለ፤ የደጋ ሰው ይህን በሽታ አልለመደውም። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ሕጉ ይከለክላል። ሰሊጥ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎችም ይህን ጉዳይ የሩቅ ሰው ወሬ ሊያደርጉት አይችሉም፤ በዚህች ሱቅ በር ላይ የተተወው ልጅ በእነርሱ ጆንያ ዘንድ ሊገኝ ይችላልና።

ልጁን በሱቅ ማዋልም የተለመደ ነው። ለጥቂት ሰዓት ከሆነ ሒሳብ ይማርበታል፣ ሚዛን ይለምዳል (ከረሜላው መጉደሉ ግን የማይቀር ነው)። ቀኑን ሙሉ ሲሆን ግን ልጁ ይሰለቻል፤ እናቲቱም ዕቃ ለማምጣት ደብረ ታቦር በሄደች ቁጥር የዱቤው መዝገብ በሕፃን እጅ ይቀራል።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን በክፍያ ወደ ቀን መዋያ ይልካሉ፤ የአሜሪካ የግብር ሕግም ወላጅ እንዲሠራ ሲባል ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለወጣው ወጪ የግብር ቅናሽ ይሰጣል። ለእስቴ ነጋዴ እንዲህ ያለ ቅናሽ ባይኖራትም ዕቁብ መጣል ታውቃለች። ጎረቤታሞች የሆኑ አምስት ባለሱቆች ተስማምተው እያንዳንዳቸው በሳምንት አንድ ቀን ልጆቹን ሁሉ በቤታቸው ቢያውሉ፣ አንዲቱ እናት አራት ቀን ነፃ ትሆናለች፤ ገንዘብም አይወጣም። ተራው ሲደለደል ግን ዕቃ የሚመጣበትና ገበያ የሚቆምበት ቀን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ሠራተኛ ያለው ነጋዴም የዓመት ፈቃድ መርሐ ግብሩን ሲያወጣ ልጅ ላላት ሠራተኛ ሐምሌንና ነሐሴን ቢያስቀድምላት፣ የክረምት ገበያ ቀዝቃዛ ስለሆነ እምብዛም አይጎዳም።

ገበያው የሚሞቀው ቡሄ ካለፈ በኋላ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ፣ ቦርሳና የተማሪ ልብስ የሚሸጠው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ስለሆነ፣ እናቲቱ ከሱቅዋ ልትለይ የማትችለው ልጁ ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ ነው። የአያት ቤትም ሆነ የጎረቤት ተራ ለእነዚያ ሳምንታት በግንቦት መያዝ ይኖርበታል።