የዶሮ ወጡ ትዝታ

የኒውዮርክ መንትያ ሕንጻዎች በአውሮፕላን የተመቱት በእኛ እንቁጣጣሽ ዕለት ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1994። ያን ዜና ሲሰማ የት እንደነበር የማይነግራችሁ ጎልማሳ እምብዛም አታገኙም። የባለፈውን ሳምንት ምሳውን የረሳ ሰው እንኳ ማን እንደነገረው፣ የቱ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ይዘረዝርላችኋል።

ምክንያቱ አጭር ነው፦ ስንደነግጥ አድሬናሊን ይረጫል፤ አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍልም ትዝታው ጠብቆ እንዲያዝ ያደርጋል። ሮጀር ብራውንና ጄምስ ኩሊክ በ1977 እ.ኤ.አ. ይህን ትዝታ በካሜራ ፍላሽ ስም ጠሩት። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ፎቶ የያዘ መሰለው።

ፎቶ አይደለም። ጄኒፈር ታላሪኮና ዴቪድ ሩቢን በአደጋው ማግስት የዱክ ዩኒቨርሲቲ 54 ተማሪዎችን ስለ አደጋውም፣ በዚያው ሰሞን ስላጋጠማቸው ተራ ነገርም ጠየቁ። ቆይተው መልሰው ሲጠይቁ ሁለቱም ትዝታዎች እኩል ተሸራርፈዋል። ያልተነካው በአደጋው ትዝታ ላይ ያላቸው እርግጠኝነት ነው።

ግራና ከተማ ውስጥ ቡና ላይ አንድ ጎረቤታችን የአቶ መለስ ዜናዊን ሞት የሰሙት ዶሮ ወጥ እየበሉ እንደነበር አወሩን። «ጋሼ፣ ያኔ ፍልሰታ አልነበረም እንዴ?» ብላቸው ተቆጡ። «በገብርኤል! ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።»

ዜናው የተነገረው ማክሰኞ ጠዋት ነሐሴ 15 ቀን 2004 ነው። ጋሼ ደግሞ ጾም የሚገድፉ ሰው አይደሉም። ፍልሰታ በማግስቱ ቢፈታም ቀኑ ረቡዕ ነው፤ ስለዚህ ዶሮው ከሐሙስ ሊቀድም አይችልም። መብላቱንስ በልተዋል። ግን ሰሞኑን ቤቱም ደጁም የሚያወራው ያንኑ ሞት ስለነበር የሐሙሱ ገበታ ከማክሰኞው ዜና ጋር ተሰፋ፤ በየአቦሉና በየቶናው ሲደገም ስፌቱ ጠፋ። ሙስሊሟ ጎረቤታቸው ግን «ዒድ ገና ማለፉ ነበር» ብለው ቀኑን በበዓል ለኩት፤ ልክ ናቸው።

እኔን የሚያናድደኝ «እንደ ዛሬ ትዝ ይለኛል» የሚለው ቃል በወሰን ክርክር ላይ እንደ ሰነድ ሲቆጠር ነው። ተናጋሪው ላይዋሽ ይችላል፤ ግን ቀኑ ጾም ነበር ወይ፣ ገበያ ነበር ወይ ብሎ የሚያፋጥጥ ሽማግሌ የት አለ?

ጋሼ አሁን ዶሮውን ትተዋል። ሽሮ ነበር ይላሉ፤ እሱንም በገብርኤል እየማሉ።