ስለ ላንድ ሮቨር መኪና የአክስልና የፍላንጅ ጥርስ መበላት

በጭቃና በድንጋይ መንገድ የሚሠራ መኪና ኀይሉን ወደ መንኰራኵር የሚያደርሰው በጥቂት የብረት ጥርሶች ነው። ጥርሶቹም በዝግታ ስለሚበሉ፥ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው መኪናው ዳገት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። ስለዚህ መኪና በእጁ ያለ ሹም ወይም ባለእርሻ ነገሩን አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ላንድ ሮቨር ዲፌንደር የተባለው የቀድሞው ዐይነት ሥራው በጥር ወር 2008 ዓ.ም. ቆሟል፤ በየገጠሩ የቀረው ሁሉ ያገለገለ ነው። በዚህ መኪና ክብደቱን የሚሸከሙት በመንኰራኵሩ እምብርት ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች ሲሆኑ፥ አክስሉ የሚያዞር ብቻ ነው። የአክስሉ ጫፍ ጥርስ ፍላንጅ በሚባለው ክብ ብረት ውስጥ ይገባል፤ ፍላንጁም በቡሎን ከእምብርቱ ጋራ ይታሰራል።

ጥርሱን የሚበላው ከሁሉ በፊት ድርቀት ነው። የአክስሉ ዘይት እስከ ጫፉ እንዳይደርስ በተዘጋበት መኪና፥ ግራሶ ካልተቀባ ብረት ብረትን ይፍቃል። ከባድ ጭነት፥ ትልቅ ጎማና ፍሪሲዮንን በድንገት መልቀቅም ጥፋቱን ያፋጥናሉ።

ምልክቱ መኪናው ሲነሣ፥ ወይም ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ሲለወጥ የሚሰማው የ«ቋ» ድምፅ ነው። ነገር ግን ድምፁ ከዲፈረንሻልም ሊመጣ ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። መኪናው በሜዳ ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። የእጅ ፍሬኑ ግን ከካምቢዮ የሚወጣውን ዘንግ እንጂ መንኰራኵሮቹን ስለማይዝ፥ አንዱ የኋላ እግር በክሪክ ሲነሣ መኪናው ሊንከባለል ይችላል፤ ስለዚህ የቀሩት እግሮች ሁሉ በታኮ ይደገፉ። ከዚያም የፍላንጁ የላስቲክ ክዳን ተነሥቶ መንኰራኵሩ በእጅ ወዲያና ወዲህ ይነቅነቅ። ፍላንጁ ሲንቀሳቀስ የአክስሉ ጫፍ ዝም ካለ ጥርሱ ተበልቷል፤ ሁለቱ አብረው ከተንቀሳቀሱ ግን ልልነቱ ከውስጥ ነው። የዝገት መልክ ያለው ቀይ ዱቄት ከተገኘም የድርቀቱ ምስክር ነው።

መድኀኒቱ አክስሉንና ፍላንጁን አንድነት መለወጥ ነው፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋራ ቢገጠም አዲሱም ቶሎ ይበላል። ሁለቱን በብየዳ ማጣበቅ ግን ኋላ መፍታትን ያስቸግራል፥ የብረቱንም ጥንካሬ ያበላሻል። አዲሱ ሲገባ ጥርሱ ግራሶ ይቀባ።

ይህን ቸል ማለት ከመንገድ መቅረት ብቻ አይደለም። የኋላው ጥርስ ፈጽሞ ሲያልቅ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው እግር ያጣልና፥ ዳገት ላይ የቆመው መኪና በሰው ላይ ሊወርድ ይችላል።