የጣና ታንኳና የአስጋሪው ውሎ

ታንኳ በጣና ሐይቅ ዳርቻ ከደንገል ታስራ የምትሠራ፣ ዳር ዳሩን ይዞ ለመጓዝ፣ ማገዶና እህል ለማመላለስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዓሣ ለማስገር የምታገለግል ቀላል የውኃ መጓጓዣ ናት። ደንገል የሚባለው ከሰው ቁመት በእጅጉ የሚረዝም፣ ረግረግ የሚወድ ተክል ሲሆን፣ ጥንታውያን ግብፃውያን መጻፊያቸውን ፓፒረስን ያዘጋጁበትና ጀልባም ያስሩበት የነበረው ይኸው ነው። ባለሦስት ጠርዝ የሆነው አገዳው ከውጭ በጠንካራ ልጣጭ የተሸፈነ ቢሆንም፣ ውስጡ አየር ባዘሉ ጥቃቅን ክፍተቶች የተሞላ ነጭና ለስላሳ ነገር ነው። ታንኳ የምትንሳፈፈውም በዚህ አየር ነው እንጂ፣ እንደ ሳንቃ ጀልባ ውኃ የማያስገባ ሆድ ኖሯት አይደለም።

ለሥራው የሚፈለገው ደንገል ከታጨደ በኋላ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያም በወፍራም እስር እየተጠቀለለ በገመድ ጠብቆ ይታሰርና እስሮቹ ጎን ለጎን ተጋድመው እርስ በርስ ይሰፋሉ። የፊተኛው ጫፍ እየቀጠነ ሄዶ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ የኋላው ግን ደፍጠጥ ብሎ ይቆረጣል፤ በሁለቱ ጎኖች ቀጠን ያሉ እስሮች ተደርበው እንደ ከንፈር ከፍ ይላሉ። በመካከሉ ያልታሰረ ደንገል ይነጠፍና አስጋሪው በላዩ ይቀመጣል፤ ውኃ ከታች በእስሮቹ መካከል እየሰረገ መግባቱ ስለማይቀር ሰውየውንና ዕቃውን ከርጥበት ከፍ አድርጎ የሚይዘው ይህ ንጣፍ ነው። ደንገሉ ደርቆ ከቀረበለት የለመደ ሠሪ አንዲት አነስተኛ ታንኳ በአንድ ቀን ሊጨርስ ይችላል። የዕድሜዋ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ወደ ደረቅ ተስባ ውኃዋ እስኪንጠፈጠፍ ካልቆመች ቶሎ ትከብዳለች፣ ትበሰብሳለችም፤ በጥንቃቄ የተያዘችውም ብትሆን ከጥቂት ወራት በላይ አታገለግልም።

የኖርዌዩ ተመራማሪ ቶር ሄየርዳል በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር እንደሚቻል ለማሳየት እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችውን ጀልባ ሲያሠራ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር፤ ያሰሯት ባለሙያዎች ግን ከቻድ ሐይቅ የመጡ ነበሩ። ያቺ ጀልባ ከወዲያኛው ዳርቻ ሳትደርስ ተበላሽታ ቀርታ፣ በ1970 «ራ ሁለት» ባርባዶስ ደርሳለች። ለጣና ሰዎች ግን የታንኳ ጥያቄ ውቅያኖስ መሻገር ሆኖ አያውቅም።

ጣና ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ቢሆንም፣ ጥልቀቱ ከ14 ሜትር ገደማ ስለማይበልጥ ነፋስ ሲነሣ በቀላሉ ይናወጣል። ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህ የታንኳ አስጋሪ ቀን የሚቆጠረው ከምሽት ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል፤ መረቡን ሲመሻሽ ከዳርቻው ሳይርቅ ይዘረጋል፣ ሲነጋጋ ሐይቁ ገና ሳይነቃ ሄዶ ያነሣዋል፣ ረፋድ ላይም ዓሣውን ለገበያ ያወጣል። መቅዘፊያውን ግራና ቀኝ እያፈራረቀ መረቡ ጫፍ ሲደርስ ታንኳዋን የሚያቆምበት መልሕቅ አያስፈልገውም፤ መረቡን ራሱን እየሳበ በጉልበቱ ላይ ያሳልፈዋል፤ ታንኳዋም በመረቡ ርዝመት ልክ በዝግታ ትከተለዋለች። ዓሣው ራሱን በመረቡ ዓይን አስገብቶ ወደ ኋላ ሲል ክሩ በመተንፈሻው ክዳን ሥር ይይዘዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ የጀርባ ክንፉ እሾሃም ስለሆነ ወደ ኋላ ቢጎተት መረቡን ይበጥሳል፤ የሠለጠነ እጅ እሾሁን በመዳፍ ተጭኖ ዓሣውን በገባበት አቅጣጫ፣ ራሱን አስቀድሞ ያሳልፈዋል።

የሐይቁ ትልቅ ሀብት ግን ነጭ ዓሣ በሚል የወል ስም የሚጠሩት ዝርያዎች ናቸው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቶ ስላስቀራቸው፣ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ከአሥራ አምስት ያላነሱ ዝርያዎች በጣና ውስጥ ተለያይተው ተፈጥረዋል። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ርብ፣ ጉማራና ሌሎች ገባር ወንዞች ስለሚወጡ በወንዞቹ አፍ ላይ ይከማቻሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ረጃጅም መረቦች ከገቡ ወዲህ ይህ ክምችት ሳይራባ ይታፈስ ጀመር፤ ቁጥሩም ክፉኛ አሽቆለቆለ። ታንኳ ግን በአብዛኛው ከዳር ያለውን ቆሮሶ ስለምትይዝ በነጭ ዓሣ ላይ ያደረሰችው ጉዳት አነስተኛ ነው። ይህን የባህላዊ ጥበብ አርቆ አሳቢነት አድርጎ ማወደስ የተለመደ ቢሆንም፣ ነገሩ የአቅም ጉዳይ ነው፤ በመቅዘፊያ ርቆ መሄድ ስለማይቻል ርቆ አልተሄደም። ባህላዊ የሆነ ሁሉ ዓሣን ይጠብቃል ማለትም አይደለም፤ ወንዝ ውስጥ ዓሣን በብርብራ ፍሬ አደንዝዞ መያዝም ባህላዊ ዘዴ ነበርና።

የታንኳ ሥራ ከማንም በላይ የሚታወቀው በሐይቁ ዳር በሰፈሩት በነገደ ወይጦ ዘንድ ነው። ቀደም ሲል ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ያገሏቸው እነዚህ ሰዎች፣ የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ፤ መሬት በማጣታቸውም ኑሯቸው ከደንገሉና ከውኃው ጋር ታስሮ ቆይቷል። ደንገሉ ደግሞ እየሳሳ ነው። ረግረጉ ለእርሻና ለግጦሽ እየተነጠቀ ሄዷል፤ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በመንሰራፋቱ፣ ጥቅጥቅ ባለው ምንጣፉ ውስጥ መቅዘፊያ ለማሳለፍና መረብ ለመዘርጋት አስቸጋሪ ሆኗል። የሳንቃ ጀልባ ዕድሜው ረዥም ቢሆንም መግዣው ከታንኳ እጅግ የከበደ ስለሆነ፣ እርሱን መግዛት ያልቻለ አስጋሪ ደንገል ካለበት ድረስ ሄዶ ማጨድ ወይም በሸክም መግዛት ግድ ይለዋል፤ ታንኳዋ ስትበሰብስም እንደገና ይህንኑ ያደርጋል።